የቮልሷ ኮፈን ቤንዚን ቤንዚን ሲል

«ይህ መኪና ቤንዚን ቤንዚን ይላል» የሚለው ቅሬታ ከሾፌሩ አፍ ሲወጣ እምብዛም አይሰማም። ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ከጎን የተቀመጠችው ባለቤቱ ወይም ከኋላ የተደረደሩት ልጆች ናቸው። መስኮት ዝቅ ይደረጋል፤ ሾፌሩም «አሮጌ መኪና አይደለም እንዴ! ጠባዩ ነው» ይልና ወሬው በዚያው ያበቃል። ሾፌሩ እየዋሸ አይደለም። የሰው አፍንጫ ከቤንዚን ሽታ ጋር ጥቂት ከቆየ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ሽታው እዚያው እያለ ምንም አይሰማውም። በየቀኑ የሚነዳት ሰው ስለ መኪናዋ ሽታ ሊመሰክር የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደህና መኪና ግን የቱንም ያህል ብታረጅ ቤንዚን አትሸትም። ከፋብሪካ ስትወጣ አትሸትም ነበር፤ ዛሬ የምትሸት ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ቤንዚኑ ወይም ተኑ እያመለጠ ነው። ሽታው የሚበረታው ደግሞ ከዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ቶሎ መፈለግ ያለበት ነው። በተለይም መኪናዋ ቮልስ ከሆነች።

ቮልስ ለኢትዮጵያውያን ተራ መኪና አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና ቮልስ መሆኗን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና እሷ ነበረች፤ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዛሬም ትታያለች። በስደት የሚኖረው ሰው ኑሮው ትንሽ ረጋ ሲልለት አንዷን ፈልጎ ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ የሚወለውላትም ያለ ምክንያት አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከተማ ጁላይ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. እስክትወጣ ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። ለአሜሪካ ገበያ ግን ባለ ቆርቆሮ ጣሪያዋ በ1977፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈው ደግሞ በ1979 ሞዴል አብቅተዋል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የምትገኘው «አዲሷ» ቮልስ እንኳ ከ45 ዓመት በላይ ሆኗታል። ቱቦዎቿን ማንም ካልቀየረላት ከባለቤቷ ልጆች በዕድሜ ይበልጣሉ ማለት ነው።

እንደሚታወቀው ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን የቤንዚን ታንኳም እዚያው ከፊት ኮፈን ሥር መሆኑን ነው። 40 ሊትር ገደማ የሚይዘው ይህ ታንክ ከስኮርታ ጎማው በስተኋላ ይቀመጣል፤ ሻንጣው የሚጫነው ከታንኩ በላይና ከጀርባው ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ስስ የካርቶን ልባስ ብቻ ነው። ያንን ካርቶን ያነሳ ሰው ሌላም ነገር ያያል፦ የዳሽቦርዱ ጀርባ፣ የፍጥነት መለኪያው፣ የመብራት ማብሪያው፣ ሽቦዎቹ ሁሉ በዚያው ክፍል ውስጥ ተዘርግተዋል። የመስታወት መጥረጊያው ሞተርም እዚያው ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሲሽከረከር በውስጡ ጥቃቅን ብልጭታ መስጠቱ የተፈጥሮው ነው። ቤንዚንና ብልጭታ በአንድ ጎጆ ውስጥ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። ሁለቱን ለያይቶ በሰላም የሚያኖራቸው የቱቦዎቹና የማሸጊያዎቹ ጤንነት ብቻ ነው።

ሌሎች አሮጌ መኪኖችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። በ1960ዎቹ በተሠራችው ፎርድ ሙስታንግ የታንኩ ጣሪያ ራሱ የዕቃ መጫኛው ወለል ነው፤ መሙያው ቱቦም ሻንጣው አጠገብ ያልፋል። ብዙዎች ታክሲ አድርገው የሚያውቁት መርሴዲስ 123 ደግሞ ታንኩን ከኋላ ወንበር ጀርባ አቁሞ ይይዛል። ፍለጋው በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፤ የቮልስ ልዩ ክፋቷ የሽታው ክፍል ከተሳፋሪው ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ንጹሕ አየር ከፊት መስታወቱ ሥር ገብቶ ወደ ውስጥ የሚነፍስባቸው ቱቦዎች ተጨምረዋል፤ በዳሽቦርዱ ቀዳዳዎችም ተኑ ሰተት ብሎ ልጆቹ ወደተቀመጡበት ይገባል።

ስለ ተኑ አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበንም፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ስለዚህ «ሚኒሶታ ነው፣ ክረምት ነው» የሚለው መጽናኛ አይሠራም። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከቤቱ ሥር ጋራዥ ያለው ሰው ደግሞ ሌላም ማሰብ አለበት። በብዙ ቤት የውኃ ማሞቂያው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የጋዝ ከሆነ ዘወትር የምትነድ ትንሽ እሳት ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ እሳት ወይም ብልጭታ የሚሰጥ ማሞቂያ ጋራዥ ውስጥ ሲተከል ከወለሉ 18 ኢንች ከፍ እንዲል የሚያዘው ለሌላ አይደለም፤ ወለል ለወለል የሚሄደውን ተን ፈርቶ ነው። የምትሸት መኪና መንስኤው እስኪገኝ ድረስ ደጅ ማደር አለባት። ፎቁ ላይ ሰው ተኝቷል።

አሁን ወደ ፍለጋው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሽታው የበረታበትን ቦታ የፈሰሰበት ቦታ አድርጎ ሲወስድ ነው። ተን ይጓዛል፤ ቤንዚንም በቆርቆሮው ጠርዝ ተንሸራትቶ ከፈሰሰበት ርቆ ይንጠባጠባል። አንዱን ቱቦ በግምት ቀይሮ፣ ሽታው ሲቀጥል ሌላውን ቀይሮ፣ በመጨረሻ ታንኩን ገዝቶ ሽታው እዚያው የቀረበት ሰው ጥቂት አይደለም። ከመፍታት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ጥያቄውም አንድ ነው፦ የሚሸተው መቼ ነው?

ታንኩ በተሞላ ማግስት ሸትቶ ቤንዚኑ ወደ ግማሽ ሲወርድ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከላይ ነው። በታንኩ አናት ላይ የቤንዚኑን መጠን የሚለካው ተንሳፋፊ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ በዘመን ብዛት ይደርቅና ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠረጠረው መሙያው ነው። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ቤንዚን የሚሞላው ኮፈኑ ተከፍቶ ነበር፤ በእነዚያ ላይ የክዳኑ ማሸጊያ ካረጀ ወይም ቀጂው እጁ ከተንቀጠቀጠ ጠብታው በቀጥታ ካርቶኑ ላይ ያርፋል፤ ሳምንት ሙሉ ይሸታል። ከ1968 ወዲህ መሙያው በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ወጥቷል። ከመሙያው አንገት እስከ ታንኩ ያለውን ርቀት የሚያገናኘው ወፍራም ጎማ ቱቦ ነው፤ እሱም ይሰነጠቃል፣ ማጥበቂያ ፋሸታውም ይላላል። እዚህ ላይ ጥሩ ምልክት አለ፦ ታንኩ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ቤንዚኑ ወደ ቀኝ ይገፋል። ወደ ግራ ስትዞር ሽታው የሚመጣ፣ ወደ ቀኝ ስትዞር የማይመጣ ከሆነ መሙያው ራሱ ተናገረ ማለት ነው።

ፀሐይ ላይ ስትቆም ብቻ የምትሸት ከሆነ ነገሩ ከመተንፈሻ ቱቦዎቹ ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፣ ተኑም መውጫ ይፈልጋል። ካሊፎርኒያ ከ1970፣ መላው አሜሪካ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ይህ ተን ወደ አየር እንዳይለቀቅ በሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ የእነዚያ ዘመን ቮልሶች ከፊት መስታወቱ ሥር ተኑን የሚቀበል ትንሽ ዕቃ፣ ከኋላ በሞተሩ በኩል ደግሞ ተኑን የሚመጥ ከሰል የተሞላ ቆርቆሮ አላቸው። ከሰሉ ተኑን ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ተስቦ ይቃጠላል። ከታንኩ ወደ ተን መቀበያው የሚሄዱት ቱቦዎች እንደ ጣት የቀጠኑ፣ ከእይታ የተሰወሩ ናቸው። ብዙ ባለመኪና መኖራቸውንም አያውቅም፤ ቀደም ያለ ባለቤት ነቅሎ ጫፋቸውን ክፍት የተዋቸውም አሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ብቻ ማስታወስ የሚፈልግ አንባቢ ይህንን ያስታውስ፦ አንድም ጠብታ ሳይታይ መኪናዋ ስትሸት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኞቹ እነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው።

ማደያ ላይ የሚደረግ አንድ ልማድም አለ። ቀጂው ቱቦ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ በኋላ ሂሳቡ ሙሉ ቁጥር እንዲሆን፣ 27 ዶላር ከምናምን ከሚሆን 30 ይሙላ ተብሎ ይጨመራል። ያ ትርፍ ቤንዚን ለተን የተተወውን ባዶ ቦታ ይሞላና ፈሳሹ ራሱ ወደ መተንፈሻ ቱቦዎቹ ይገባል፤ ከሰሉንም ያረጥበዋል። ቤንዚን የነካው ከሰል ሥራውን ይተዋል። የሦስት ብር ሳንቲም ለማስተካከል ሲባል የሚመጣ ጣጣ ነው።

ታንኩ ሊያልቅ ደርሶም የምትሸት ከሆነ ደግሞ ከላይ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ከሥር ነው። ከታንኩ ግርጌ የሚወጣው አጭር ጎማ ቱቦ ከመኪናዋ ሥር ካለው የብረት መስመር ጋር ይገናኛል፤ ሰው ስለማያየው ሰው አይቀይረውም። የታንኩ ሆድም በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚረጭበት አገር ከውጭ ይዝጋል፤ ከውስጥ ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመ ውኃ ይበላዋል። በታንኩና በመኪናዋ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ከጠፋ ከሥር የሚነሣው ተን ሁሉ ወደ ዕቃ መጫኛው ይወጣል። ኮፈኑ ሳይሸት ውስጡ ብቻ የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የብረት መስመሩ በወለሉ መሐል ባለው ጉብታ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳልና እሱ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬው ከጠበበ በኋላ ማረጋገጥ ይቀራል። ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን። ሲጋራ ይቅር፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ይፈታ፤ ባትሪው የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ሽቦው የሚፈታው ግን ኮፈኑ ተከፍቶ ጥሩ አየር ካገኘ በኋላ ነው፤ ሲፈታ ራሱ ሊብለጨለጭ ይችላልና። ለብርሃን የሚሞቅ አምፖል አያስፈልግም፤ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ምንጣፉ፣ ካርቶኑ ሁሉ ይውጣ። ቤንዚን የጠጣ ካርቶን ከጥገና በኋላም ለብዙ ቀን ይሸታልና፣ እሱን እዚያው ትቶ መፈለግ አፍንጫን ማታለል ነው። ወለሉ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ይድረቅ። ከዚያ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ዙሪያ፣ በተንሳፋፊው ክብ ጠርዝ፣ በመሙያው ቱቦ ሁለት ጫፎች ላይ የሕፃናት ፓውደር ይነስነስ። ሽቦው ተመልሶ ይታሰር፣ ታንኩ ይሞላ፣ መኪናዋ ሰፈሩን ትዙር። ፓውደሩ የረጠበበት ቦታ ጠቁሮና ተላቁጦ ይታያል። ከሥር ደግሞ ሌሊቱን ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ፤ ጠዋት ነጠብጣቡ የት እንዳለ ያሳያል። በክሪክ ብቻ ተደግፋ ሥሯ መግባት ግን አይታሰብም፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግላት።

ቱቦዎቹ በእጅ ይታጠፉ። ጤነኛ ጎማ ይለመጣል፤ ያረጀው ወይ እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጠቃል ወይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። የጀርመኖቹ ቱቦ ላዩ በክር የተሸመነ በመሆኑ ስንጥቁን ይደብቃል፤ ስለዚህ ያማረ መስሎ ቢታይ አይታመን። ዛሬ በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠራ ጎማ ለዚህ ድብልቅ አልታሰበም፤ ቶሎ ይበላሻል። አዲስ ሲገዛ በጎኑ ላይ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ30 አር9 የሚል የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ላይ የቮልስ መስመር በሚሊሜትር የተለካ ነው፤ ከተራ ዕቃ መደብር በኢንች የተለካ ቱቦ ገዝቶ «ተቀራራቢ ነው» ማለት ፋሸታው በደንብ እንዳይዝ ያደርጋል። አንዱ ቱቦ ካረጀ ሁሉም እኩያው ነውና ሁሉም በአንድ ቀን ይቀየር። ዋጋው ከአንድ ሙሌት ቤንዚን ብዙም አይርቅም።

ታንኩ ራሱ ከተበሳ ነገሩ ይለያል። በአገር ቤት መንገድ ላይ ሳሙና አሽቶ ቀዳዳ መድፈን የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟ በእርግጥም ይይዛል። የሚያገለግለው ግን እስከ ጋራዥ ድረስ ነው፤ በሳሙና የተደፈነ ታንክ ይዞ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ ሌላ ነው። ብየዳውንም ማንም ጓደኛ ጓሮ ውስጥ እንዳይሞክረው። ቤንዚኑ የወጣለት ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ ሙሉው የያዘው ፈሳሽ ነው፣ ባዶው የያዘው ግን ከአየር ጋር የተቀላቀለ ተን ነው። ወይ በዚህ ሥራ ለተሰማራ ባለሙያ ይሰጣል ወይ አዲስ ይገዛል፤ ለቮልስ አዲስ ታንክ ዛሬም ይሸጣል።

መካኒክ ሲመረጥም ዕድሜ ይጠቅማል። በዚህ ዘመን ብዙ ወጣት መካኒክ ካርቡራቶር አይቶ አያውቅም፤ ቮልስ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚፈልገው ኮምፒውተሩ የሚሰካበትን ቦታ ነው። በአገር ቤት በቮልስ ላይ እጁን ያፍታታ አንጋፋ በየከተማው አይጠፋም፤ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሳይነካ ገና ያውቀዋል።

የፊቱ ቱቦ ካረጀ የኋላውም አርጅቷልና ፍለጋው ከፊት ኮፈን ላይ ማቆም የለበትም። ቮልስ የምትቃጠለው ብዙ ጊዜ ከሞተሯ በኩል ነው። እዚያ የቤንዚኑ ጎማ ቱቦ ከዲስትሪቢውተሩ በላይ ያልፋል፤ ሰዎች የቤንዚን ማጣሪያ የሚሰቅሉትም እዚያው ላይ ነው። ማጣሪያው ከብዶ ቱቦውን ከጎተተው፣ ወይም ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚኑ የሚገባበት ትንሽ የነሐስ ቱቦ ከቦታው ከወጣ፣ ቤንዚኑ የሚፈሰው በቀጥታ ብልጭታው ላይ ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፤ ውኃ ያባብሰዋል። ስለዚህ ለቤንዚን እሳት የተሠራ፣ «ቢ» የሚል ምልክት ያለበት የእሳት ማጥፊያ መኪናዋ ውስጥ ይኑር። የሚቀመጠውም ሾፌሩ እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ነው። ኮፈን ውስጥ አይደለም፤ ሊከፈት የማይገባው ቦታ እሱ ሊሆን ይችላልና።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ታንኩ ተሞልቶ፣ ኮፈኑ ተዘግቶ፣ መኪናዋ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቁም። ሲከፈት ከውጭ የመጣ ሰው ያሽትተው። ካርቶኑና ምንጣፉ የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ አሮጌው ካርቶን ከሸተተ ግን ተጥሎ አዲስ ይቆረጥላት።